ጋሽ ጌታነህና የሚሰማው እንጨት

ጋሽ ጌታነህ ማረፋቸውን ያወቅኩት ከቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ወንድማችን ጋሽ ጌታነህ (የእንጨቱ) ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ልቅሶው ሲልቨር ስፕሪንግ በቤታቸው ነው። ፓርኪንግ ስለሚያስቸግር ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ።» በቅንፍ «የእንጨቱ» የተባለው ሌላ ጋሽ ጌታነህ ስላሉ ነው። እሳቸው የታክሲው ናቸው። የታክሲው ጋሽ ጌታነህ ያን ቀን ቅንፉን ያላነበበ ሁሉ ሲደውልባቸው፣ በሕይወት መኖራቸውን ሲያስረዱ ዋሉ። አንዷማ ድምፃቸውን ሰምታም አላመነችም፤ «ወንድማቸው ነዎት? ድምፃችሁ እንዴት ይመሳሰላል» ብላ አጽናንታቸው ስልኩን ዘጋችው አሉ።

እኔ አማተብኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ልቅሶው ቤት ቁጭ ብዬ የሚወራውን ሰማሁ። ግማሹ ሰው ጋሽ ጌታነህን ቤተ ክርስቲያን የደፈሩ ሰው ያደርጋቸዋል፤ ግማሹ ደግሞ ራእይ ታይቷቸው እንደነበር በሹክሹክታ ያወራል። እኔ አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ በአንድ መኪና ተመላልሰናል፤ ነገሩ የሆነ ዕለትም ከሴቶች በኩል ከፊት ቆሜ ነበር። ደፋርም ባለ ራእይም አልነበሩም። የቤት ዕቃ ሻጭ ነበሩ።

ሱቁ ቨርጂንያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። መጀመሪያ ሥራውን ሳገኝ አገር ቤት ላሉት ለንስሐ አባቴ ደውዬ «አሌክሳንድሪያ ሥራ አገኘሁ» ብላቸው፣ የቅዱስ ማርቆስ መንበር ያለበት ከተማ መስሏቸው «እሰይ፣ በረከት ነው፣ ስንክሳር እያነበብሽ ሥሪ» አሉኝ። ካሸር መሆኔን ለመንገር አፈርኩ።

ባለቤቱ ሚስተር ባልዴቭ የሚባል፣ ጥምጥሙን የማያወልቅ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ከፑንጃብ የመጣ ሰው ነው። የሚሸጠውም ከአገሩ የሚያስመጣውን የቤት ዕቃ ነው፤ አልጋ፣ ገበታ፣ ወንበር፣ ሳጥን። ሁሉም የሚሠራው ሺሻም ከሚባል እንጨት ነው። ሺሻም ቡናማ ነው፤ መሃሉን ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር መስመር ያልፍበታል። ይከብዳል፤ አንድ ወንበር ለማንሳት ረዳት ትጠራላችሁ። ምስጥም መሃሉን ደፍሮ አይበላውም።

የሚስተር ባልዴቭ አባት የመንደር አናጢ ነበሩና ሰውየው የሺሻምን ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ያወራን ነበር። በእነሱ አገር የአልጋው እግር ሺሻም ነው። ሞፈሩ፣ የጋሪው መንኮራኩር፣ ወንዝ የሚሻገሩበት ጀልባ፣ ቂጣ የሚዳመጥበት ክብ ጣውላ፣ ሁሉም ሺሻም ነው። ከበሮ ይሠሩበታል፤ እንደኛ መሰንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው የአዝማሪ ዕቃም ይሠሩበታል። ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል። ለጋ ቅርንጫፉ መፋቂያ ነው። አያቱ ደግሞ የቅጠሉን ጭማቂ ለታመመ ዓይን ያደርጉ ነበር፤ ፍላጩን ቀቅለው ቆዳው ያሳከከውን ሰው ያጥቡበት ነበር።

ይህን ሁሉ ሚስተር ባልዴቭ የሚናገረው «አያቴ እንዲህ ያደርጉ ነበር» እያለ ነው። ጋሽ ጌታነህ ወደ አማርኛ ሲያመጡት ግን አያትየው ይቀሩና «ይፈውሳል» ይሆናል። ዛፉን ራሱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ይህ አላገዳቸውም።

አንድ ቀን ከአርሊንግተን የመጡ ባልና ሚስት አልጋ ሊያዩ ገቡ። ገና ከበሩ እየተነታረኩ ነው። ጋሽ ጌታነህ ነጭ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ወደ አልጋው ወሰዷቸው፤ ራስጌውን በጣታቸው አንጓ ቆረቆሩና ጆሯቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይህች ልማዳቸው ናት።

«ይህን ትሰማላችሁ? ይህ አልጋ የተጣላ ባልና ሚስት አያስተኛም» አሉ።

«እንዴት አያስተኛም?» አለ ባልየው።

«ያስታርቃል። በአገሩ ሙሽራ ያለ ሺሻም አልጋ አትዳርም።»

ሚስትየዋ ፈገግ አለችና «ታዲያ ጋሼ፣ እነሱ አገር ሰው አይፋታም?» አለቻቸው።

«እንጨት የቀየረ ይፋታል።»

አልጋውን ገዙ። ተፋቱም አልተፋቱም አላውቅም፤ አልጋውን ግን አልመለሱም።

ነገሩ በሱቅ ቢቀር ደግ ነበር። ጋሽ ጌታነህ በሄዱበት ቤት ሁሉ ይቆረቁራሉ። ለክርስትና ይጠራሉ፣ ገና ሳይቀመጡ ገበታውን ይቆረቁራሉ። ቤልትስቪል አንድ ቤት ምግብ የተደረደረበትን ትልቅ ጠረጴዛ ቆረቆሩና፣ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ በተሰለፈበት፣ «ካርቶን ነው» አሉ። የቤቱ እመቤት እስከ ፋሲካ አላናገረቻቸውም። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ሁሉ «ጋሽ ጌታነህ ይመጣሉ» ከተባለ የቤታቸውን ዕቃ ወፍራም ጨርቅ ያለብሱ ጀመር። የገዛ ቤታቸው ግን ከአልጋ እስከ ጫማ መደርደሪያ ተጨምቆ የተጣበቀ ሰጋቱራ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ «ስጠርግ የማላነሳውን ዕቃ ቤቴ አላስገባም፤ ሺሻሙ ሥራ ቦታ ያለው ይበቃዋል» ብለው ወስነዋል። ጋሽ ጌታነህም ቤታቸው ሲገቡ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ።

ጠዋት ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤቴ በር በአሮጌ ቫናቸው ይወስዱኝ ነበር። ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ሲቆም እኔ ውዳሴ ማርያሜን አወጣለሁ፤ እሳቸው በግራ በቀኝ ስለሚያልፈው የጭነት መኪና እንጨት ይናገራሉ። አንዳንዴ ከጸሎቱ መሃል «አይደለም እንዴ?» ይሉኛል፤ እኔም ሳላውቀው «ነው» እላለሁ። ምን ምን እንዳጸደቅኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ቤተ ክርስቲያናችን ያን ዓመት ከኪራይ ወጥታ የራሷን ቤት ገዝታ ነበር። ቤቱ ቀድሞ የምንጣፍ መሸጫ ነው። ብፁዕ አባታችን ለዓመት በዓሉ መጥተው ሊባርኩልን ቀጠሮ ተያዘ፤ አቡኑ የሚቀመጡበት ወንበር ደግሞ አልነበረንም። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዘውዱ የሠርግ አዳራሽ ሙሽሮች የሚቀመጡበትን ዓይነት፣ ወርቅ የተቀባ፣ መቀመጫው ቀይ የሆነ ወንበር ከስልካቸው አውጥተው አሳዩን። ጎበዝ ሰብሳቢ ናቸው፤ የሁሉንም ነገር ፎቶ አስቀድመው ይዘው ነው የሚመጡት።

ጋሽ ጌታነህ ተነሱ።

«አባታችን ሙሽራ አይደሉም» አሉ። «ሺሻም ይሁን። ሺሻም ዝም ብሎ እንጨት አይደለም። ከበሮና መሰንቆ የሚሠሩበት ለምን ይመስላችኋል? ይሰማል። ጸሎት ይሰማል። ፊቱ የተጸለየውን ውስጡ ያስቀምጠዋል።»

እኔ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበርና ቀና ብዬ አየኋቸው። ሚስተር ባልዴቭ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እማማ አሰለፈች እጃቸውን አወጡ። እሳቸው የማኅበራችን ታላቅ ናቸው፤ እሳቸው ያልተስማሙበት አይሆንም። «ልጄ ጌታነህ፣ ያ አገር ለዛፍ የሚሰግዱበት አይደለም ወይ? የተሰገደለት ዛፍ እንዴት ቤተ መቅደስ ይገባል?»

«እማማ፣ የሚያከብሩት ሌላ ዛፍ ነው። ሺሻም ላይ ይቀመጡበታል እንጂ አይሰግዱለትም።»

«በምን አወቅህ?»

«አልጋ ነዋ። ሰው የሚያመልከው ላይ አይተኛም።»

ቀሲሳችን «ዛፍ አይጠመቅም፣ አይክድም» ብለው ነገሩን ቋጩት። አቶ ዘውዱን የማረካቸው ግን ይህ አልነበረም፤ «ይሰማል» የምትለዋ ቃል ናት። በሚቀጥለው እሑድ በማይክሮፎን «ጸሎት ከሚሰማ የከበረ እንጨት» ብለው አስነገሩ።

ወንበሩን የሚስተር ባልዴቭ ያጎት ልጅ አገሩ ላይ ሊጠርበው ተስማማ። ፎቶ ላክን፤ ከላይ መስቀል፣ በእጅ ማሳረፊያው ግራና ቀኝ አንበሳ። ወንበሩ በመከር መጣ። መስቀሉ እውነት ዓይን የሚያጠግብ ነው፤ ሐረጉ ተጠማዞ ተጠማዞ ሲወርድ እጅ የሠራው አይመስልም። አንበሶቹ ግን ዝሆን ናቸው።

«ምንድነው ይህ?» አሉ አቶ ዘውዱ።

ሚስተር ባልዴቭ ላጎቱ ልጅ ደውሎ ጠየቀው። ስልኩን ሲዘጋ ጋሽ ጌታነህ ተረጎሙልን። «‹ትልቅ ሰው ይቀመጥበታል አላችሁኝ› ነው የሚለው። ‹አንበሳ ይነክሳል እንጂ ሰው አይሸከምም። የሚሸከም ዝሆን ነው።›»

ሁለት እሑድ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ዝሆን በኖኅ መርከብ ውስጥ ነበረ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የጠላት ጦር የሚቀመጥበት አውሬ ነው የሚሉም አሉ። በመጨረሻ ዝሆኖቹን ቀይ ከፋይ አልብሰን ተስማማን።

ጋሽ ጌታነህ አንድ ነገር አጥብቀው ለኮሚቴው ተናግረዋል። ይህንን ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፌዋለሁ። ሺሻም ከሞቃትና ከእርጥብ አገር መጥቶ የዚህ አገር ሂተር፣ የቤት ማሞቂያው፣ ሲመታው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይጮኻል፤ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። እኛ ሱቅ ውስጥ ይህን እናውቀዋለን። ጥር ላይ ሰው በሌለበት አንዱ ጠረጴዛ «ጧ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን አማትቤ ከወንበሬ እነሳ ነበር፤ በኋላ ለምጄው ቀና ብዬም አላይ። ስለዚህ «የመጀመሪያውን ክረምት ከሂተር አርቁልኝ፣ ዘይት እየመጣሁ እቀባዋለሁ» አሉ። ኮሚቴውም እሺ አለና ወንበሩን ልክ የሂተሩ ትንፋሽ የሚወጣበት ላይ አስቀመጠው። አቶ ዘውዱ ምክንያት ነበራቸው፤ «አባታችን ብርድ እንዳይመታቸው።» አቡኑ የሚመጡት በበጋ ነው። ክረምቱን ሙሉ ባዶ ወንበር ሲሞቅ ከረመ።

አንድ እሑድ ሰባኪያችን ስለ ጸሎት እያስተማረ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ «እግዚአብሔር ይሰማናል ወይስ አይሰማንም?» አለ።

«ጧ» አለ ወንበሩ።

እማማ አሰለፈች ተንበረከኩ፤ እልልታው ቤቱን ሞላው። አቶ ዘውዱ ከየት መጡ ሳይባል ማይክሮፎኑን ይዘው «ጋሽ ጌታነህ ነግረውን ነበር፤ ይሰማል ብለውን ነበር» ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ጋሽ ጌታነህ ዞረ።

ስንወጣ ቫኑ አጠገብ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ሂተሩ ነው አይደል?»

«ሂተሩ ነው።»

«ይንገሯቸዋ።»

«አሁን?» አሉኝ። ሦስት ሴቶች ትከሻቸውን ሊስሙ ተሰልፈው ነበር። ጋሽ ጌታነህ ትከሻቸውን ዝቅ አደረጉላቸው። ሰው ናቸው፤ እንዲህ ተከብረው አያውቁም።

በሳምንቱ ግን ዘይት ሊቀቡ ሄደው ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ሌላ ነበር። ስንጥቁ የኋላውን የግራ እግር ከመቀመጫው ሥር ጀምሮ እስከ ታች ወርዷል። እግሩ ተሰክቶ የቆመበትን ቦታ ለሁለት ከፍሎታል። ወንበሩ ባዶውን ይቆማል፤ ሰው ተደግፎ ሲቀመጥበት ግን ወደ ኋላ ይለቃል። ወለሉ ከፍ ያለ መድረክ ነው፤ ከኋላው የድንጋይ ደረጃ አለ። አቡኑ ደግሞ በዕድሜ የገፉ፣ ግዙፍ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ናቸው።

«ይገድላቸዋል» አሉኝ ጋሽ ጌታነህ፣ ጠዋት ወደ ሱቅ ስንሄድ የወንዙ ድልድይ ላይ። ከዚያ እስከ አሌክሳንድሪያ ስለ ምንም እንጨት አልተናገሩም።

በዚህ መሃል ስንጥቁ ታዋቂ ሆኗል። ከቨርጂንያም ከዲሲም እየመጡ ይስሙታል። አንዷ ነክታው በሳምንቱ የሥራ ፈቃዷ መጣላት። አንዱ የመኪና ቅጣት ተነሳለት። ነጭ ሐር ተጠመጠመበት። እኔ ተአምር አምናለሁ፤ እግዚአብሔር በሕይወቴ ያደረገልኝን እዚህ ልዘርዝረው ብል አይበቃኝም። ተአምር ስለማምን ነው ሂተርን ተአምር ሲሉብኝ የሚከፋኝ።

ጋሽ ጌታነህ ኮሚቴ ገቡ። ወንበሩን ወደ ሱቅ ልውሰደው፣ ሙጫ ከትቼ በብሎን አስሬ ልመልሰው አሉ።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ተአምር በሙጫ ይደፈናል?» አሉ አቶ ዘውዱ።

«ተአምር አይደለም። ሂተር ነው።»

«ይሰማል ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ሰው ሲሸጥ ብዙ ይላል።»

«እንግዲያው ዋሽተውናል?»

«አልዋሸሁም። አጋነንኩ።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?»

«ኮሚቴ ውስጥ።»

ከወጣቶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቀሲሳችን ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ «ነገሩን ብፁዕ አባታችን ሲመጡ ራሳቸው ይመረምሩታል» አሉ።

«ቀሲስ፣ አባታችን የሚመረምሩት እኮ ተቀምጠውበት ነው» አሉ ጋሽ ጌታነህ።

«እሱም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ አቶ ዘውዱ፤ ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ።

እኔ ቃለ ጉባኤዬን አውጥቼ ያስጠነቀቁበትን አነበብኩላቸው። «እህቴ፣ እሱ ከተአምሩ በፊት ነው» ተባልኩ።

ለሚስተር ባልዴቭ ነገርነው። ደግ ሰው ነው፤ አንድ ቅዳሜ መሣሪያውን ይዞ ራሱ መጣ። በሩ ላይ እማማ አሰለፈችን አገኛቸው። እሳቸው ጥምጥሙንና ጢሙን አይተው፣ ከህንድ እኅት ቤተ ክርስቲያን የመጡ አባት መሰሏቸው እጁን ሳሙ። ሚስተር ባልዴቭ እጁን ለመንጠቅ ጨዋነቱ አልፈቀደለትም። ሴቶቹ ሁሉ ተከትለው መጡ፤ አንድ በአንድ እጁን ሲሳም፣ መሣሪያው በሌላ እጁ እንደተንጠለጠለ፣ አቶ ዘውዱ ደርሰው «ማንም አይነካውም» ብለው ወንበሩ ፊት ቆሙ። ሚስተር ባልዴቭ ወደ ቫኑ ሲመለስ «ደንበኞቼ እንዲህ አክብረውኝ አያውቁም» አለ።

የዓመት በዓሉ ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ከበሮው ወጣ፣ ሕዝቡ ከቤቱ ተርፎ መንገድ ላይ ቆመ። ወንበሩ ሐሩን ለብሶ መድረኩ ላይ ነው። ጋሽ ጌታነህ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው ከፊት ቆመዋል። በጠዋት ለአቡኑ ሊነግሩ ሞክረው ነበር፤ አቶ ዘውዱ ግን ሁለት ጎረምሳ መድበው አላስጠጓቸውም።

አቡኑ በዝማሬ ገቡ። መስቀላቸውን እያሳለሙ፣ ጉልበታቸውን እያሳረፉ፣ ቀስ ብለው ወደ መድረኩ መጡ። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳደረጉ ጋሽ ጌታነህ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ላይ ወጡ። ሐሩን አነሱት። ከዚያ ዞረው በአቡኑ ወንበር ተቀመጡ።

ዝማሬው ከመሃሉ ተቆረጠ።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ይነሱ» አሉ አቶ ዘውዱ በጥርሳቸው።

ጋሽ ጌታነህ ሁለቱን ዝሆኖች በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ኋላ ተደገፉ። ወንበሩ ምንም አልሆነም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ጋሽ ጌታነህ ቀጭን ነበሩ። ወንበሩ ቻላቸው። ፊታቸውን አየሁት። ደነገጡ። ወንበሩ ካልተሰበረ እሳቸው በአቡን መንበር የተቀመጡ ሸበቶ ወፈፌ ናቸው፤ ካወረዷቸው በኋላ ደግሞ አቡኑ ይቀመጡበታል። ተነስተው እንደገና ዘፍ አሉ። ምንም። ጎረምሶቹ ደረጃውን ወጡ። ጋሽ ጌታነህ እግራቸውን ከመሬት አንስተው፣ እንደ ሕፃን፣ በሙሉ ኃይላቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ።

እግሩ ለቀቀ። ወንበሩ ከነዝሆኖቹ ተገለበጠና ጋሽ ጌታነህ በድንጋዩ ደረጃ ቁልቁል ሄዱ። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ፤ የእንጨቱ ሳይሆን የእሳቸው አጥንት።

«ቀጣው» አሉ እማማ አሰለፈች። ከበስተኋላ አንዷ እልል አለች።

አቡኑ ብቻ ናቸው የሮጡት። ያንን ጉልበት ይዘው። አምቡላንስ እስኪመጣ የጋሽ ጌታነህን ራስ ይዘው ተቀመጡ፣ መሬት ላይ። ከዚያ ቅዳሴው ቀጠለ፤ አቡኑ ከሴቶች በኩል በመጣ ታጣፊ ወንበር ዋሉ። ጋሽ ጌታነህ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም።

በማግስቱ ከእትዬ ሙሉ ጋር ሆስፒታል ተቀምጠን ሳለ አቡኑ መጡ። ኮሪደሩ በእኛ ሰው ተሞልቷል። ግማሹ ሊጠይቅ፣ ግማሹ የተቀጣ ሰው ምን እንደሚመስል ሊያይ ነው የመጣው።

«ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ አቡኑ።

«አላስጠጉኝም፣ አባታችን። ለኮሚቴው ግን ነግሬያለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«አላመኑኝም።»

«ለምን?»

ጋሽ ጌታነህ ጣሪያውን አዩ። «ቀደም ብዬ የነገርኳቸውን አምነውኝ ነበር። ከራሴ ጋር ተከራክሬ መርታት አቃተኝ።»

እትዬ ሙሉ «ምላሴን ስሸጥበት ኖርኩ በል» አሉ ብርድ ልብሱን እያስተካከሉ።

አቶ ዘውዱ በሩ ላይ ታዩ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል።

«ምንድነው የያዝከው?» አሉ አቡኑ።

«ስባሪው ነው፣ ብፁዕ አባታችን። እግሩ። ሕዝቡ ለበረከት እየተከፋፈለ መውሰድ ይፈልጋል። ቢባርኩልን ብለን ነው።» ከኋላቸው ኮሪደሩ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እማማ አሰለፈችም አሉ፤ መሃረባቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ።

አቡኑ ጨርቁን ገለጡት። ስባሪውን አንስተው አልባረኩትም፤ ጋሽ ጌታነህ እጅ ላይ አኖሩት።

«ይህ ምን እንደሆነ አንተ ንገራቸው» አሉ።

ጋሽ ጌታነህ ስባሪውን አገላበጡት። ያ ጥቁር መስመር ከዳር ዳር አልፎበታል፤ የተሰበረበት በኩል ውስጡ ቀይ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል። አውራ ጣታቸውን አሳልፈውበት ዓይናቸው በራ። ልክ ደንበኛ ሲገባ እንደሚበራው ነው የበራው፤ እኔ አውቀዋለሁ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ኮሪደሩም ጆሮውን ከፈተ። እትዬ ሙሉ እጃቸውን በባላቸው ክርን ላይ አሳረፉ።

ጋሽ ጌታነህ አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

«እንጨት ነው» አሉ።

«ብቻ?» አሉ አቶ ዘውዱ።

«ብቻ።»